በሰው ፊት የሚለመድ ሙያ
(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ አንድ ውሳኔ ይጠብቀናል። ለሰብሳቢዋ፣ ለጸሐፊዋና ለሒሳብ ሹሟ አንዳንድ ወጣት ተለማማጅ እንመድብ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ከመካከላችን ብዙዎች «ልጆቹ መጀመሪያ ይማሩ፣ ከዚያ ይምሩ» ብለናል። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የአንዲት ሴት ታሪክ እናንሣ። ሙያዋ ከእኛ ሥራ የራቀ ይመስላል፤ የገጠማት ጥያቄ ግን የኛው ነው።

ማሪን ኦልሶፕ እ.ኤ.አ. በ1956 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደች። አባቷ ቫዮሊን፣ እናቷ ደግሞ ቼሎ ተጫዋች ነበሩ። እርሷም ገና በልጅነቷ ቫዮሊን ያዘች። በዘጠኝ ዓመቷ ግን አባቷ ታዋቂው ሌናርድ በርንስታይን ኦርኬስትራ ሲመራ እንድታይ ወሰዷት። ያን ቀን የኦርኬስትራ መሪ ለመሆን ቆረጠች። ቫዮሊን የሚያስተምራት ሰው ይህ የሴት ሥራ አይደለም አላት። አባቷ ግን በመሪ ዘንግ የተሞላ ሳጥን አመጡላት።

በቫዮሊን ጁሊያርድ በተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት እስከ ማስተርስ ዲግሪ ተማረች። ከዚያም በኒው ዮርክ በየቦታው እየተጠራች በመጫወት ኖረች። መሪነቱ ግን ራቀባት።

ለምን ራቀ? ቫዮሊን የምትማር ልጅ በሯን ዘግታ ብቻዋን ትለማመዳለች፤ ብትሳሳት የሚሰማት የለም። የኦርኬስትራ መሪ ግን አንድም ድምፅ አያወጣም። የሚጫወቱት ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሰማንያ ወይም መቶ ሰዎች ናቸው። መሪው የሚለማመደው በእነርሱ ላይ ነው፤ ሲሳሳትም በእነርሱ ፊት ነው። ልምድ ለሌላት ሴት ኦርኬስትራ የሚሰጣት አልነበረም፤ ኦርኬስትራ ካላገኘች ደግሞ ልምዱ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ራሷ አቋቋመች። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከሴት ጓደኞቿ ጋር ስትሪንግ ፊቨር የተባለ አነስተኛ ቡድን መሠረተች። በ1984 ደግሞ ኮንኮርዲያ የተባለውን ኦርኬስትራ አቋቋመች። ወጪውን የደገፉላት ቶሚዮ ታኪ የተባሉ በልብስ ንግድ የታወቁ ጃፓናዊ ነበሩ። መምራትን የተለማመደችው እዚያ ነው። ቆይታም ከራሱ ከበርንስታይን ዘንድ ተማረች፤ ከ1993 ጀምሮም የኮሎራዶን ኦርኬስትራ መራች።

እንዲህም ሆኖ መንገዱ አልተደላደለላትም። በ2005 የባልቲሞር ኦርኬስትራ ሲመርጣት አብዛኞቹ ተጫዋቾች ፍለጋው ይቀጥል ብለው በይፋ ተቃወሙ። እርሷ ግን ሹመቱን ከመቀበሏ በፊት ወደ ተጫዋቾቹ ሄዳ ፊት ለፊት አነጋገረቻቸው። በ2007 ሥራ ጀመረች፤ ከአሜሪካ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች አንዱን በሙዚቃ ዳይሬክተርነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ እስከ 2021 ድረስም አብራቸው ሠራች። በ2013 በለንደን፣ ከ1895 ጀምሮ በሚካሄደው የፕሮምስ የሙዚቃ በዓል፣ የመዝጊያውን ምሽት የመራች የመጀመሪያዋ ሴትም እርሷ ናት።

እኛን ይበልጥ የነካን ግን ሌላ ነው። ስሟ ከመግነኑ በፊት፣ በ2002፣ ለሴት የኦርኬስትራ መሪዎች የሥልጠና ዕድል አቋቋመች፤ በደጋፊዋ በታኪ ስምም ሰየመችው። የሚመረጡት ሴቶች የሚያገኙት ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከአጠገባቸው የምትመክራቸው ሴት አለች፤ እውነተኛ ኦርኬስትራ ፊት ቆመው የሚመሩበት ጊዜም ይሰጣቸዋል። በዚህ መንገድ ካለፉት መካከል ዛሬ የራሳቸውን ኦርኬስትራ የሚመሩ አሉ። በ2008 ደግሞ ከተሸለመችው ገንዘብ ከፍላ በባልቲሞር ለሠላሳ ሕፃናት የሙዚቃ ትምህርት አስጀመረች። የተቀበለችውን ድጋፍ ከእርሷ በኋላ ለሚመጡት አሳለፈች ማለት ነው።

እህቶቻችን፣ ስብሰባ መምራትም እንደዚሁ ነው። የሒሳብ አያያዝ በወረቀት ይጠናል። የተቆጣች አባልን ማረጋጋት፣ ሁለት የተጣሉ ሴቶችን በአንድ አጀንዳ ማስማማት፣ «አልገባኝም» ያለችውን ሳያሳፍሩ ማስረዳት ግን ቤት ተቀምጦ አይለመድም። እኛ መሥራቾቹ ስንጀምር ቃለ ጉባኤ አያያዝ እንኳ አናውቅም ነበር። የተማርነው በእናንተ ፊት እየተሳሳትን ነው። ያን ጊዜ ባትታገሡን ኖሮ ዛሬ ይህ ማህበር አይኖርም ነበር።

ስለ ገንዘቡ የተነሣው ስጋት ተገቢ ነው። ለዚህም ነው ፊርማው ከነባሮቹ እጅ እንዳይወጣ፣ ተለማማጇ የምትሠራው ሒሳብም በየወሩ በሒሳብ ሹሟ እንዲታይ በሐሳቡ ውስጥ የተጻፈው። ልጆቹ ይሳሳታሉ። ስሕተቱ እኛ አጠገባቸው ሳለን ቢሆን ይሻላል፤ ከእኛ በኋላ ቢሆን የሚያርማቸው አይኖርም። አባቶችና እናቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለዚህ ነው።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ስንልክላችሁ ስንት ብር እንደቆጠብን ብቻ አትጠይቁን። ስንት ወጣቶች ስብሰባ እንደመሩም ጠይቁን።

አሁን ወደ ድምፅ አሰጣጡ እንለፍ። ሐሳቡ ካለፈ የሚቀጥለውን ወር ስብሰባ የምትመራው ከተለማማጆቹ አንዷ ትሆናለች። እኛም ከፊት ወንበር ተነሥተን ከእናንተ ጋር እንቀመጣለን።