ቀበና ትልማ፤ ነዋሪዋም ይኑርባት
(ለቀበና ነዋሪዎች ከተደረገ የምርጫ ንግግር)



«እናንተ ልማት ትጠላላችሁ» የሚሉን አሉ። ክረምት በገባ ቁጥር ጣሪያው እያፈሰሰበት ሌሊቱን ባልዲ ሲያዘዋውር የሚያድር ሰው ልማት አይጠላም። አንድ መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራ የሚጋራ ሰው ልማት አይጠላም። ጥያቄያችን ልማቱ ለማን ነው የሚል ነው።

ቤቶቻችን ያረጁት ነዋሪው ስለሰነፈ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ አከራዩ ግን ያው መንግሥት ነው። አከራዩ ሳያድስ፣ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ እንደልቡ ሳይጠግን ከ50 ዓመት በላይ አለፈ። እንግዲህ ለጭቃው መፍረስ ተጠያቂው ማን ነው?

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፒያሳ ፈረሰ፤ ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሚወስደውም መስመር በደጃችን አለፈ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ፈረሰ፤ ብዙ ቤተሰቦችም ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። መንገዱ መስፋቱን፣ የእግረኛው መሄጃ ማማሩን አንክድም። ነገር ግን እንጀራ ጋግራ ለአራት ኪሎ ምግብ ቤቶች የምታቀርብ እናት ከተማው ዳር ብትወሰድ ደንበኞቿ አብረዋት አይሄዱም። እድሩ ይበተናል፣ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ይርቃል፣ የቀን ገቢው በትራንስፖርት ያልቃል። ይህን ኪሳራ ካሳ ሙሉ በሙሉ አይተካውም።

የሚያሳዝነው ሕጉ ራሱ የተሻለ መንገድ ማሳየቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መልሶ ማልማት በሚካሄድበት ቦታ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግልም ሆነ በጋራ ለማልማት የቅድሚያ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በወረቀት ላይ የተጻፈው መብት ግን ዶዘሩ ከመድረሱ በፊት ነዋሪው ደጅ መድረስ አለበት።

ስለዚህ ፓርቲያችን የሚከተለውን ቃል ይገባል፦

1. የሰፈሩ ፕላን ከመጽደቁ በፊት በወረዳው አዳራሽ ተሰቅሎ ነዋሪው ይወያይበታል፤ የሚሰጠው አስተያየትም በጽሑፍ መልስ ያገኛል።
2. ባለይዞታዎች በማኅበር ተደራጅተው እንዲያለሙ ጊዜና ብድር ይመቻቻል።
3. የቀበሌ ቤት ተከራይ እዚያው ሰፈር ቤት ሳይሠራለት አይነሣም። ደባልና የግል ቤት ተከራይም ይቆጠራል።
4. ካሳ ከመፍረሱ በፊት ይከፈላል፤ ቅሬታም አፍራሹን አካል በማያውቅ ነፃ ጉባኤ ይታያል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ትሉ ይሆናል። ተበታትነው የተሠሩ ቤቶች ወደ ላይ ሲሠሩ ቦታ ይተርፋል። የተረፈው በግልጽ ጨረታ በሊዝ ይተላለፋል፤ ገቢውም በቅድሚያ እዚያው ለሚሠሩት ቤቶች ይውላል።

ሁሉም ይቀራል ብለን ግን አናታልላችሁም። ከእንጦጦ የሚወርደው ወንዛችን ክረምት ሲሞላ ለአደጋ የሚያጋልጣቸው፣ ከአፋፉ ላይ የተሠሩ ቤቶች መነሣት አለባቸው። ለእነርሱም በቅርብ ቦታ ይሠራላቸዋል። ሥራው በዶዘር ከማፍረስ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል። ሆኖም ሰው ሳይበተን የሚሠራ ሰፈር ቢዘገይ ይሻላል።

ውድ ነዋሪዎች፣

ድምፅ ሊጠይቃችሁ የሚመጣውን ዕጩ ሁሉ፣ እኛንም ጨምሮ፣ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ቀበና ከለማች በኋላ እኔ የት ነኝ?» በቂ መልስ ለሰጣችሁ ካርዳችሁን ስጡት።