የእንፋሎት ባቡር ጉዞ ዕቅድ ለምን ይቀያየራል?

አቅራቢዋ፦ ብሪታንያ በእንፋሎት የሚጎተቱ መደበኛ የመንገደኛ ባቡሮቿን ያቆመችው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1968 ነው። ዛሬም ግን በእንፋሎት ባቡር ለበርካታ ቀናት አገሩን የሚያስጎበኙ አሉ። ታዲያ ቲኬት ከተሸጠ በኋላ ዕቅዱ የሚለወጠው ለምንድን ነው?

አቅራቢው፦ አንዱ ትልቅ ምክንያት ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በዶንካስተር የተሠራውን «ፍላይንግ ስኮትስማን» የተባለ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እንውሰድ። የከሰልና የውሃ ጋሪው ወደ 22,700 ሊትር ውሃ ይይዛል። ብዙ ይመስላል፤ ሆኖም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ መሙላት ግድ ነው። ድሮ በየጣቢያው የነበሩት የውሃ መቅጃዎች አብዛኞቹ ስለተነሡ፣ ዛሬ ቦቴ መኪና ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃል። ቦቴው የሚቆምበት ከጠፋ መርሐ ግብሩ ይናጋል።

አቅራቢዋ፦ በሞቃትና ደረቅ ወራትስ?

አቅራቢው፦ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ብልጭታ በሐዲዱ ዳር ያለውን ሣር ሊያቀጣጥል ይችላል። ያኔ በናፍጣ የሚሠራ ሎኮሞቲቭ ይተካዋል።

አቅራቢዋ፦ መንገደኛው ያዝናል፤ ማዘኑም ተገቢ ነው። የገበሬ ማሳ ከሚቃጠል ግን በናፍጣ መሄዱ ይሻላል፤ አዘጋጆቹ እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። ቲኬት የምትገዙ አድማጮች፣ ሎኮሞቲቩ ሊቀየር እንደሚችል የሚገልጸውን የውል አንቀጽ አስቀድማችሁ አንብቡ።