ስለ ጠርዝና ስለ ይዘት



በብዙ ክፍል ውስጥ የጂኦሜትሪ ትምህርት የሚሰጠው በቃል በሚጠና ሕግ ነው። ተማሪው የኩብን ይዘት ማስላት ያውቃል፤ ኩብ ከሌሎች ሣጥኖች ለምን እንደሚበልጥ፣ ይልቁንም የማይበልጥበት ጊዜ መኖር አለመኖሩን ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ይህን ዝምታ የሚያስወግድ፣ ወጪም የማያስወጣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም 120 ሴንቲሜትር ስንደዶ ወይም ሽቦ የተሰጠው ተማሪ ቆራርጦ የፕሪዝም ጠርዞች ቢያደርገው፣ ይዘቱ ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ፕሪዝም ነው? የገጽታው ስፋትስ?

በመጀመሪያ ሣጥን ይታሰብ። ሣጥን 12 ጠርዞች አሉት፤ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ እያንዳንዳቸው አራት ጊዜ ይመጣሉ። ስለዚህ የሦስቱ ድምር 30 ሴንቲሜትር ነው። አንዱ ተማሪ 5፣ 5 እና 20 ቢመርጥ ይዘቱ 500 ኩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ሁለተኛው 8፣ 10 እና 12 ቢመርጥ 960 ያገኛል፤ ሦስቱንም 10 ያደረገው ግን 1000 ይደርሳል። ድምራቸው የማይለወጥ ሁለት ቁጥሮች እኩል በሆኑ ጊዜ ብዜታቸው ከሁሉ ይበልጣል፤ 8 በ12 ሲባዛ 96፣ 10 በ10 ሲባዛ ግን 100 ነውና። እንግዲህ እኩል ያልሆኑ ሁለት ጠርዞች እስካሉ ድረስ፣ ድምራቸውን ሳይነኩ እኩል በማድረግ ይዘቱን መጨመር ይቻላል።

የገጽታውም ነገር እንዲሁ ነው። 30 በራሱ ሲባዛ 900 ይሆናል፤ ይህም የሦስቱ ጠርዞች ካሬዎች ድምርና ጠቅላላው የገጽታ ስፋት ተደምረው የሚያስገኙት ቁጥር ነው። የካሬዎቹ ድምር ከሁሉ የሚያንሰው ጠርዞቹ እኩል ሲሆኑ፣ ማለት 300 ሲሆን ነው። ስለዚህ ትልቁ የገጽታ ስፋት 600 ካሬ ሴንቲሜትር፣ እርሱም የኩቡ ይሆናል።

ትምህርቱ እዚህ ላይ ቢቆም፣ ተማሪው «ኩብ ከፕሪዝም ሁሉ ይበልጣል» የሚል ሕግ ይዞ ይወጣል። ሕጉ ግን ሐሰት ነው። መሠረቱን እኩል ጎኖች ባሉት ሦስት ማዕዘን ላይ ያቆመ ተማሪ 9 ጠርዞች ብቻ ያስፈልጉታል። ሁለት የመሠረት ጎኖችና አንድ ቁመት ተደምረው 40 ሴንቲሜትር ስለሚሆኑ፣ በዚያው በፊተኛው ምክንያት ይዘቱ ከሁሉ የሚበልጠው ሦስቱ እኩል ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ጠርዝ 13.3 ሴንቲሜትር ያህል ሲደርስ ነው። ይዘቱም 1026 ያህል ሆኖ ከኩቡ ይበልጣል። መሠረቱ እኩል ጎኖችና እኩል ማዕዘኖች ያሉት ባለ አምስት ጎን ቢሆን ትልቁ ይዘት 881 ያህል፣ ባለ ስድስት ጎን ቢሆን 770 ያህል ነው።

ይህ ለጊዜው ያስደንቃል። የግሪኩ ሊቅ ዜኖዶሮስ በጥንት ዘመን እንዳስረዳው፣ ዙሪያቸው እኩል ከሆነና ጎናቸውም ማዕዘናቸውም እኩል ከሆነ ቅርጾች መካከል ጎኑ የበዛው ስፋቱ ይበልጣልና። በፕሪዝም ግን አንድ ማዕዘን በተጨመረ ቍጥር ሦስት ጠርዞች፣ ማለት አንድ ከታች፣ አንድ ከላይ፣ አንድም ቋሚ ይጨመራሉ፤ ያው ስንደዶ ለብዙዎች ይከፋፈላል።

ደግሞም በባለ ሦስት ማዕዘኑ ፕሪዝም ይዘትና ገጽታ አብረው አይሄዱም። ጠርዞቹ እኩል ሲሆኑ የገጽታው ስፋት 687 ያህል ነው። የመሠረቱ ጎን 11.7፣ ቁመቱ 16.6 ያህል ሲሆን ግን ስፋቱ ወደ 701 ከፍ ይላል፤ ይዘቱም ወደ 983 ይወርዳል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መመኘት የሚቻለው በሣጥኑ እንጂ በዚህ አይደለም።

የተወሰነው ነገር ስንደዶ መሆኑ ቀርቶ 600 ካሬ ሴንቲሜትር ወረቀት ቢሆን ደግሞ ፍርዱ ይገለበጣል። ኩቡ 1000 ይይዛል፤ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ቢበዛ 877 ያህል ብቻ ይይዛል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደ ተባለው፣ የዚህም ትምህርት ሥር ያለው በመልሱ ሳይሆን የተወሰነውን ነገር ለይቶ በማወቁ ላይ ነው። ሕግን ያለ ወሰኑ የሚያስተምር መምህር ለተማሪው ግማሽ እውነት ይሰጠዋል፤ ወሰኑን የሚያሳየው ግን ማሰብን ያስተምረዋል። ባለ ሦስት ማዕዘኑን ይዞ የሚነሣውም ልጅ ሊመሰገን እንጂ ዝም በል ሊባል አይገባውም።