ወደ ሱሪናም የሄድንበት መንገድ፦ ከአውሮፕላን እስከ ታንኳ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአራት አባላት ስም የቀረበ ንግግር)

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ለዚህ ጉዞ ከማኅበሩ ካዝና አንድ ሳንቲም አልወጣም። ደጋፊዎቻችን የሰጡት ገንዘብ ለቋንቋ ትምህርቱና ለልጆች ማቆያው የተባለ ነው፤ እዚያው ነው ያለው። እኛ ቲኬታችንን የገዛነው ሁለት ዓመት ዕቁብ ጥለን ነው። ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ የምንናገረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«ደግሞ ሱሪናም ምን አላችሁ?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እዚህ አምስተርዳም ደቡብ ምሥራቅ የምንኖር ሁሉ እንደምናውቀው፣ በሊፍት ውስጥ ሰላም የምንላቸው ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ የሱሪናም ሰዎች ናቸው። አገራቸው በ1975 ከሆላንድ ነፃ ስትወጣ በገፍ መጥተው የሰፈሩት በዚሁ ሰፈር ነው። እኛ ዕቁብ የምንለውን እነሱ ካስሞኒ ይሉታል። ከእኛም ሁለታችን የጎረቤቶቻችን ካስሞኒ አባል ከሆንን ቆይተናል።

በዚያ ካስሞኒ ውስጥ አንዲት እናት አሉ። በአገራቸው ወግ «ታንቴ» ይሏቸዋል፤ እኛ እማማ እንላቸዋለን። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ደክሟል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፣ ረጅም መንገድ ሲሆን ተሽከርካሪ ወንበር ይፈልጋሉ። የተወለዱበት መንደር በ1964 ግድብ ሲገደብ ውሃ ውጦታል። «ውሃውን ሳላይ አልሞትም» ይሉ ነበር። ልጆቻቸው ሥራ አላቸው፣ ፈቃድም ማግኘት አልቻሉም። ታዲያ የካስሞኒው ሴቶች ተራቸውን ለእሳቸው ለቀቁ። የሚቀረው ማን ይዟቸው ይሂድ የሚለው ነበር። ከአራታችን ሁለታችን አረጋውያን በመንከባከብ ሥራ የምንተዳደር ስለሆንን፣ ነገሩ ወደ እኛ መጣ።

መንገዱን እንንገራችሁ። ከአምስተርዳም ወደ ፓራማሪቦ በቀጥታ ይበረራል፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ለመግቢያ የሚከፈለውና የሚሞላው ነገር በቅርብ ዓመታት ደጋግሞ ተለዋውጧልና፣ ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት በያዛችሁት ፓስፖርት ምን እንደሚያስፈልግ አጣሩ። የቢጫ ወባ ክትባት ቀድሞ መወጋት ይገባል፤ ስለ ወባ ክኒን ደግሞ ወደ ጫካው የምትገቡ ከሆነ ሐኪም ጠይቁ። አረጋዊ ለምትወስዱ ትልቁ ነገር ይኸውላችሁ፦ ከአውሮፓ ኅብረት አገር ለሚነሳ በረራ፣ ከ48 ሰዓት በፊት ከተነገረ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ከበር እስከ አውሮፕላኑ መቀመጫ የማድረስ አገልግሎት በነፃ ነው። ሕግ ነው እንጂ ውለታ አይደለም። ብዙዎቻችን ያስከፍላል ብለን እየፈራን እናቶቻችንን በእግራቸው ስናስኬድ ኖረናል።

አውሮፕላን ማረፊያው በቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር በዮሐን አዶልፍ ፔንገል ስም ይጠራል፤ ሰዉ ግን ዛንደራይ ይለዋል። ከከተማው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በር ሲከፈት የሚቀበላችሁ ሙቀት እንደ እንፋሎት ፊት ላይ ይለጠፋል። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየትን መማር አለባችሁ።

ሱሪናም በደቡብ አሜሪካ ካሉት ነፃ አገሮች ሁሉ ትንሿ ናት። ስፋቷ 163,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያን አንድ ሰባተኛ ያህል መሆኑ ነው። ሕዝቧ ከስድስት መቶ ሺህ ብዙም አይበልጥም፤ አብዛኛውም በባሕሩ ዳር ነው የሚኖረው። የቀረው ጫካ ነው። ስለዚህ ዋናው መንገድ በባሕሩ ዳርቻ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። በሁለቱም ጫፍ ወንዝ ይዘጋዋል። በምሥራቅ አልቢና ላይ የማሮወይን ወንዝን በጀልባ ተሻግረው ወደ ፈረንሳይ ጊያና ይገባሉ፤ በምዕራብ የኮረንታይን ወንዝን በፌሪ ተሻግረው ወደ ጋያና። ወደ ብራዚል የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም። ጫካው ውስጥ ወዳሉት መንደሮች ወይ በትንንሽ አውሮፕላን ነው፣ ወይ በታንኳ።

ፓራማሪቦ ላይ ሦስት ቀን አረፍን። አሮጌው ከተማ በነጭ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ቤቶች ነው፤ ዩኔስኮ በ2002 መዝግቦታል። ካቴድራሉ እንኳ ከእንጨት የተሠራ ነው። ምኩራብና መስጊድ ጎን ለጎን ቆመዋል። ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙት ዘሮች፣ ከ1873 ጀምሮ በኮንትራት ከሕንድ የመጡት፣ ከ1890 ጀምሮ ከጃቫ የመጡት፣ ቻይናውያንና የምድሩ ቀደምት ነዋሪዎች፣ ሁሉም በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። የመንግሥቱ ቋንቋ ሆላንድኛ ነው፤ እርስ በርስ የሚግባቡት ግን በስራናን ነው። እዚህ ሰፈር በክፍል ውስጥ ስንት ዓመት የተማርነው ሆላንድኛ፣ አንድም ሰው ሳያርመን የተነገረው እዚያ ነው። ይህን በማለፍ ነው የምንናገረው፣ ግን ደስ ብሎናል።

የከተማው አውቶቡሶች አነስተኛና ቀለማቸው የደመቀ ናቸው፤ ጎናቸው ላይ የዘፋኝና የፊልም ተዋናይ ሥዕል አለባቸው። ሲሞሉ ነው የሚነሱት። መተላለፊያው ላይ ተጣጣፊ ወንበር ይዘረጋል፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው መውረድ ሲፈልግ መንገዱ ሁሉ ይነሳለታል። ለእኛ የአዲስ አበባን ታክሲ ለምናውቀው ይህ ጨዋታ ነው፤ ለእማማ ጉልበት ግን አይሆንም። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚወስደንን ከፍ ያለ መኪና ከነሾፌሩ ተከራየን። ከጠቅላላው ወጪያችን ከቲኬቱ ቀጥሎ ትልቁ ይህ ነበር።

ስለ ግድቡ ጥቂት እንበል። በአፎባካ የሱሪናም ወንዝ የተገደበው ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ነው፤ ኤሌክትሪኩ የተፈለገው ደግሞ ለአሉሚኒየም ፋብሪካ ነበር። በውሃው የተሸፈነው መሬት 1,560 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የጣናን ግማሽ ገደማ ማለት ነው። ስድስት ሺህ ያህል ሰዎች ተነሱ። አብዛኞቹ ሳራማካ የሚባሉት ናቸው፤ አባቶቻቸው ከባርነት አምልጠው ጫካ ገብተው፣ በ1762 ከሆላንድ ገዢዎች ጋር የሰላም ውል ያስፈረሙ ሕዝብ። አገሪቱ ባርነትን የሻረችው በ1863 ነውና፣ እነሱ መቶ ዓመት ቀድመው ነፃ ነበሩ። ውሃው ሲሞላ ከውጭ የመጡ ሰዎች እየዞሩ ከዛፍ ጫፍና ከደሴት ላይ አሥር ሺህ ያህል የዱር እንስሳት አወጡ። የሚመሰገን ሥራ ነው። እማማ ይህን ሲነግሩን «ለእንስሳቱ ጫካ ተገኘላቸው፤ ለእኛ በመስመር የተደረደረ ቤት» ብለው ዝም አሉ።

ከፓራማሪቦ እስከ ብራውንስቬግ መንገዱ አስፋልት ነው። ከዚያ ወደ ውሃው ዳር የሚወርደው ቀይ አፈር ሲሆን ዝናብ ሲጥል ያንሸራትታል። ታንኳው ውስጥ እማማን ለማስገባት አንዳችን ከውሃው ውስጥ፣ አንዳችን ከታንኳው ውስጥ ሆነን፣ በሥራ ላይ ከአልጋ ወደ ወንበር እንደምናሸጋግረው ነው ያሸጋገርናቸው። ወገባቸው ላይ ሰፊ ነጠላ አሰርን፤ መያዣ ሆነን።

ሐይቁ ላይ የሞቱ ዛፎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። ጫካው ሳይቆረጥ ነው ውሃው የመጣበት፤ ግንዶቹ ግራጫ ሆነው፣ ወፍ እያረፈባቸው፣ እስከ አድማስ ድረስ ይታያሉ። ታንኳ ቀዛፊው ወጣት ሞተሩን አጥፍቶ «መንደራችሁ እዚህ ነው» አላቸው። እማማ አይደለም አሉ። እዚያ ማዶ ነው፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ላይ፣ ማንጎው ከነበረበት። ልጁ ከአያቱ እንደሰማ ይናገራል፤ እሳቸው ደግሞ አሥራ ሦስት ዓመት እንደኖሩበት። ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከሩ፤ እኛ ያለቅሳሉ ብለን ጨርቅ ይዘን ነበር የምንጠብቀው። በመጨረሻ እሳቸው ባሉት ቦታ ቆምን። ጣታቸውን እየጠቆሙ በቋንቋቸው የቤቶቹን ባለቤቶች ስም ከላይ እስከ ታች ጠሩ፤ የእናታቸውን ቤት ሲደርሱ እጃቸውን ውሃው ውስጥ አደረጉ። አልተረጎሙልንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

በማግስቱ ወደ ዘመዶቻቸው ሄድን። ከፓራማሪቦ እስከ አትዮኒ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ መንገዱ እዚያ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ወንዙ ነው መንገዱ። የአትዮኒ ወደብ የመርካቶን ጭነት ተራ ያስታውሳል፦ የቤንዚን በርሜል፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ፍራሽ፣ በረዶ፣ የዶሮ ካርቶን፣ በመካከሉ ሕፃን ያዘለች እናት። ታንኳው ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሞተረኛው ከኋላ፣ ከፊት ደግሞ በረጅም ዘንግ ድንጋይ የሚጠቁም ሰው። ወንዙ ላይ ውሃው በድንጋይ መካከል እየፈላ የሚወርድባቸው ቦታዎች አሉ። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ባለው ረጅም በጋ ውሃው ስለሚያንስ ተሳፋሪው ወርዶ ታንኳ ይገፋል። መራመድ የሚያቅተው ሰው ለያዘ፣ ውሃ የሞላበት ወቅት ይሻላል፤ ዝናቡን በላስቲክ መከላከል ይቻላል።

መንደሩ መግቢያ ላይ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ነው የሚታለፈው። መጀመሪያ የመንደሩን ሹም ሰላም ማለት ግዴታ ነው። ሴት በወገቧ ላይ ፓንጊ የሚሉትን ጨርቅ ታገለድማለች፤ እኛ በነጠላ አገለደምን፣ ተቀባይነት አገኘ። ሳይጠይቁ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ዘር የሚቆጠረው በእናት ነው።

እርሻው የሴቶቹ ነው። ወንዶቹ ጫካውን ይመነጥራሉ፤ ካሳቫውን፣ ሩዙን፣ ለውዙን የሚያለሙት ሴቶቹ ናቸው። ካሳቫውን ፈጭተው፣ ጨምቀው፣ በትልቅ ምጣድ ይጋግሩታል፤ ምጣዱን ስናይ ሁላችንም ሳቅን። ችግራቸው ገበያው ነው። አንድ ከረጢት የካሳቫ ዱቄት ፓራማሪቦ ገበያ እስኪደርስ የታንኳ ይከፍላል፣ የአውቶቡስ ይከፍላል፣ ቤንዚን በተወደደ ቁጥር ትርፉ ወንዙ ላይ ይቀራል። ያረፍንበት መንደር ሴቶች በካስሞኒ ገንዘብ አጠራቅመው የራሳቸውን ሞተር ለመግዛት ተነጋግረው ነበር። ክርክሩ የእኛን አዳራሽ ክርክር ይመስላል፦ ቤንዚኑን ማን ይገዛል? ሲበላሽ ማን ያሠራል? የማን ልጅ ነው የሚነዳው?

ስለ ካስሞኒው አንድ ልዩነት ልንገራችሁ። እኛ ዕጣ እናወጣለን፤ ዋስም እንጠይቃለን። እኛ ባየነው ካስሞኒ ገንዘቡን የያዘችው ሴት ተራውን የምትሰጠው እየጠየቀች ነው፦ በዚህ ዓመት ማን ልጅ ትድራለች? የማን ጣራ ያፈሳል? ዋስ የለም። የምታምናትን ብቻ ነው የምታስገባው። የትኛው ይሻላል ብትሉን፣ ለሃምሳ ሰው የእኛ፣ ለአሥር ሰው የእነሱ እንላለን።

አሁን ወደ ያዝነው ጉዳይ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ አገራቸውን ካዩ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሆናቸው እናቶች ተቀምጠዋል። ቲኬቱ ብቻ አይደለም የያዛቸው። ከአዲስ አበባ በኋላ ያለው መንገድ ነው፦ እስከ ደሴ፣ እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ወዲያ። ማን ያወጣቸዋል፣ ማን ያወርዳቸዋል፣ መድኃኒታቸውን ማን ይይዛል። ስለዚህ ያቀረብነው ሐሳብ አሥራ ሁለት አባላት ያሉት የመንገድ ዕቁብ እንዲቋቋም ነው። ዕጣ አይወጣበትም፤ ተራው በዕድሜና በጤና ይሰጣል። የሚከፈለውም ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሁለት ነው፤ ለምትሄደው እናትና ይዛት ለምትሄደው አባል።

የተቃወሙን አሉ። የቤት ኪራይ ያቃታት እህት እያለች ጉዞ ቅንጦት ነው ብለዋል። ኪራዩ እውነት ነው፤ ለእሱ የችግር ጊዜ ፈንዱ አለ፣ እሱን ማንም አይነካውም። ጉዞው ግን ቅንጦት ነው በሚለው አንስማማም። እማማ ከተመለሱ በኋላ ምርኩዛቸውን አልጣሉም፣ ጉልበታቸውም አልዳነም። ሆኖም በየሳምንቱ ቅዳሜ ልጆቻቸውን ሰብስበው የዚያን መንደር ቤቶች በወረቀት ላይ እያስሳሉ ነው። እስካሁን አርባ አንድ ቤት ደርሰዋል።

ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ነው። የወጪው ዝርዝር፣ ከክትባቱ እስከ ታንኳው ድረስ ከነደረሰኙ፣ ጸሐፊዋ ዘንድ ይገኛል። ለመግባት የምትፈልጉ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ይዛችሁ ለመሄድ ፈቃደኛ የሆናችሁ ደግሞ በሌላው መዝገብ። ያኛው እስካሁን ሁለት ስም ብቻ ነው ያለበት።