ስለ ተዋናዩ ፖል ስኮፊልድ



ዛሬ የምንናገረው ስለ እንግሊዛዊው ተዋናይ ስለ ፖል ስኮፊልድ ነው። ስሙን የማያውቅ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ሰውየው ራሱ እንዲታወቅ ብዙ አልደከመም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ተወለደ፤ አባቱ የመንደር ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ። በ13 ዓመቱ በብራይተን ትምህርት ቤት የጁልየትን ክፍል ተጫወተ፤ ከዚያ ወዲህ ልቡ ከመድረክ አልተመለሰም። በ17 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ ቴአትር ገባ። (መምህራኖቻችን አይቆጡን፤ ተከተሉት ማለታችን አይደለም።)

በ1962 በፒተር ብሩክ አዘጋጅነት ሽማግሌውን ንጉሥ ሊርን ሲጫወት ዕድሜው 40 ነበር። ተመልካች የለመደው የሚያሳዝነውን፥ የተበደለውን አባት ነው። ስኮፊልድ ግን ግትርና ቁጡ አዛውንት ሆኖ ቀረበ፤ ሴት ልጆቹ ቢማረሩበት እውነት አላቸው የሚያሰኝ! በ2004 የሮያል ሼክስፒር ኩባንያ ተዋንያን ድምፅ ሲሰጡ ከሼክስፒር አጨዋወት ሁሉ የበለጠ ብለው የመረጡት ይህንኑ ነው።

ዓለም ያወቀው ግን በቶማስ ሞር ነው። ሞር የንጉሥ ሄንሪ 8ኛን የቤተ ክርስቲያን የበላይነት አልቀበልም ብሎ በ1535 አንገቱ የተቀላ የሕግ ሰው ነው። መከላከያው ዝምታ ነበር። እስቲ አስቡት፤ እኛ በመድረክ ስንወጣ ጩኸትን ችሎታ እናደርጋለን፤ ዝምታን ተጫወቱ ብንባል ምን እናደርግ ነበር? ስኮፊልድ በ1960 በሎንዶን፥ ቀጥሎም በኒውዮርክ ተጫወተው፤ በ1966 ፊልም ሲሆን ኦስካር አገኘበት። በሽልማቱ ምሽት ግን አልተገኘም፤ በእርሱ ፈንታ የተቀበለችው ተዋናይት ዌንዲ ሂለር ናት። “ሰር” የሚለውንም ማዕረግ አልፈልግም አለ፤ “ሚስተር” መባል በቂው ነበር።

የሠራቸው ፊልሞች ጥቂት ናቸው። በዚህ ላይ እኛው ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን፥ ለጥበቡ ታማኝ ነበር አልን። ሌሎቻችን ደግሞ፥ የሎንዶን ቲኬት መግዛት የማይችለውን ተመልካች በድሏል፤ ቴአትር መጋረጃው ሲዘጋ ያልቃል፥ ፊልም ግን ይቀራል አልን። ክርክሩ አልተቋጨም።

በ1979 በሎንዶን ብሔራዊ ቴአትር በ“አማዴዎስ” ሳሊዬሪን የተጫወተው እርሱ ነበር። በ1984 ሥራው ፊልም ሲሆን ክፍሉን የተጫወተው፥ ኦስካሩንም የወሰደው ሌላ ተዋናይ ነው። ስኮፊልድ በ2008 በ86 ዓመቱ ዐረፈ። የእርሱን ሳሊዬሪ የሚያስታውሱት በዚያ ዘመን በአዳራሹ ተቀምጠው የነበሩት ናቸው።