በጠመንጃ ፈንታ ካሜራ፦ የጆርጅ ሺራስ የሥራ ዘመን



አሜሪካዊው ጆርጅ ሺራስ ሣልሳዊ እ.ኤ.አ. በ1859 ተወለደ። አባቱ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው፤ ልጁም ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ። መሐንዲስ ባይሆንም፣ የአራዊት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ የፈታው ችግር ግን የእኛን ሙያ በቀጥታ የሚመለከት ነው።

በሚሺገን ሐይቆች ዳር የሚኖሩት የኦጂብዌ አዳኞች በሌሊት በታንኳቸው ፊት እሳት አንድደው ይጓዙ ነበር። አጋዘኑ ብርሃኑን ሲያይ ደንዝዞ ይቆማል፤ ዓይኑም ያበራል፤ አዳኙም በዚያ አነጣጥሮ ይተኩሳል። በወጣትነቱ አዳኝ የነበረው ሺራስ ይህንኑ ዘዴ ወሰደ። ታንኳውና ፋኖሱ እንዳሉ ቀሩ፤ የተለወጠው ጠመንጃው ብቻ ነው። በቃታው ፈንታ የማግኒዚየም ዱቄት አቀጣጥሎ፣ በዚያ ቅጽበታዊ ብልጭታ ሥዕሉን በመስታወት ሳህን ላይ አስቀረ።

ቀጥሎም እንስሳው ራሱን በራሱ ፎቶግራፍ እንዲያነሣ አደረገ። በመተላለፊያው ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ እንስሳው ገመዱን ሲነካ ዱቄቱ ይነዳል፤ ካሜራውም ይሠራል። ሰው በቦታው መገኘት አላስፈለገውም። እነዚህ የሌሊት ሥዕሎች በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳልያ አስገኙለት።

ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ግን የሁለቱ ካሜራዎች አሠራር ነው። የመጀመሪያው ካሜራ እንስሳው ምንም ሳያውቅ እንደ ቆመ ያነሣዋል፤ ሁለተኛው ጥቂት ቆይቶ፣ በብልጭታው ደንግጦ ሲዘል ይይዘዋል። መለኪያ መሣሪያ የሚለካውን ነገር እንደሚያውክ መሐንዲስ ሁሉ ያውቃል። ሺራስ ሁከቱን አልደበቀውም፤ ከሥዕሉ ጎን ለጎን መዘገበው። ዛሬ ተመራማሪዎች በየጫካው የሚተክሏቸው ካሜራዎች በገመድ ፈንታ ሙቀትና እንቅስቃሴን ይከታተላሉ፤ ብዙዎቹም የማይታይ የታሕተ ቀይ ብርሃን ስለሚጠቀሙ ድንጋጤው እጅግ ቀንሷል።

ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በሐምሌ 1906 እትሙ 74 ሥዕሎቹን አወጣ። ከማኅበሩ የቦርድ አባላት ሁለቱ መጽሔቱ የሥዕል መጽሐፍ ሆነ ብለው ተቈጥተው ሥራቸውን ለቀቁ። ዛሬ ያን መጽሔት ያለ ሥዕል ማሰብ እንዴት ያዳግታል!

ሺራስ ከ1903 እስከ 1905 የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ነበር። በ1904 ተሰዳጅ ወፎች በማዕከላዊው መንግሥት ጥበቃ ሥር እንዲሆኑ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። በአንዱ ግዛት የተጠበቀው ዳክዬ ወደ ሌላው ሲሻገር ይገደል ነበርና። ረቂቁ በዚያን ጊዜ አልጸደቀም። ሐሳቡ ግን በ1913 ሕግ ሆነ፤ በ1918ም በጠነከረ ሕግ ተተካ፤ ይህም እስከ ዛሬ ይሠራል።

በ1928 ወደ 2,400 የሚሆኑ የመስታወት ኔጋቲቮቹን ለናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር አስረከበ። የሕይወት ሥራውን የያዘው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ የታተመው በ1935፣ ሺራስ በ76 ዓመቱ ሳለ ነው። በ1942 አረፈ። በየሎውስቶን አካባቢ ያጠናው ግዙፍ ቀንዳም እንስሳ፣ የሙስ አንዱ ዘር፣ እስከ አሁን በሳይንሳዊ ስሙ ሺራሲ ይባላል።