መርካቶን ማን ያስጎበኛል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነገረ)



እንድናገርበት የተሰጠኝ አርእስት «ቱሪዝምና የጋራ አስተዳደር» የሚል ነው። እኔ ግን አዲስ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ስለ ሆንሁ ነገሩን ከሰፈሬ ብጀምረው ይቀልለኛል። ስለ ላሊበላና ስለ አክሱም የሚናገሩ ሌሎች ሞልተዋል፤ እኔ የማውቀው ምናለሽ ተራን ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ መርካቶን እንዳሳየው ለምኖኝ ይዤው ሄድሁ። ባረፈበት ሆቴል «ኪስህን ጠብቅ» ብለው አስፈራርተውት ኖሮ ቦርሳውን እንደ ሕፃን በደረቱ አቅፎ ነበር የሚሄደው። ከአውቶቡስ ተራ ጀምሮ አራት ልጆች «አስጎብኚ ነን» እያሉ ተከተሉን። በርበሬ በረንዳ ስንደርስ እንግዳው አስነጠሰው፤ ልጆቹ ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ። ምናለሽ ተራ ሲደርስ ግን ቆመ። ቁራሌዎች ከየሰፈሩ የለቀሙት ቆርቆሮ ምድጃ ሲሆን፣ አሮጌ ጎማ በረባሶ ሲሆን፣ በርሜል ተቀዶ በመዶሻ ሲቃና አንድ ሰዓት ሙሉ ተመለከተ፤ ፎቶግራፍም አነሣ። ከዚያ በኋላ በመኪና ወደ ሆቴሉ ተመልሶ ምሳውን እዚያው በላ፤ ነጠላም ከሆቴሉ ሱቅ ገዛ። ሸማ ተራን አልፎ ሄዶ ማለት ነው! ለልጆቹ ተካፈሉ ብዬ አንድ ብር ኖት ብሰጣቸው ሁለቱ ተደባደቡ። ለባለ መዶሻው የተረፈው የፎቶግራፉ ብልጭታ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ያበላሸው ማነው? እንግዳውን አልወቅስም። ልጆቹንም ለመውቀስ አፌ አይደፍርም፤ ከእነርሱ ጋር ኳስ የተጫወትሁ ነኝና።

የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣልያ ወረራ ዘመን ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር ሲታቀድ፣ አገሬው ወደ ምዕራብ ሄዶ እንዲገበያይ ተደረገ፤ መርካቶ የሚለውም ስም ከዚያ ቀረ። ነጋዴውን የጠየቀው አልነበረም። ነጋዴው ግን በተጣለበት ሜዳ ላይ የራሱን ሥርዓት ሠራ። ተራ ማለት በቋንቋችን መደዳም ነው፤ ወረፋም ነው። ቆርቆሮ ተራ፣ ሳጥን ተራ ስንል አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡት ጎን ለጎን መቀመጣቸውን እንናገራለን፤ ታክሲ ተራ ላይ ያለው ተራ አስከባሪ ደግሞ ማን ቀድሞ እንደሚጭን ይወስናል። ዕቁቡና እድሩም በዚሁ ላይ የቆሙ ናቸው። አስተዳደር የሚባለውን ነገር መርካቶ ከመጽሐፍ አልተማረውም።

ወደ ቱሪዝም ስንመጣ ግን ይህ ሁሉ ይረሳል። በ1954 ዓ.ም. አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት ድርጅትን ሥራ ሲጀምሩና ኢትዮጵያን በ13 ወር ፀሐይዋ ሲያስተዋውቁ፣ ጀማሪው መንግሥት መሆኑ ተገቢ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ቱሪዝም ሚኒስቴር ራሱን ችሎ እንደገና ተቋቋመ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሚኒስቴር ባለ መዶሻውን አያውቀውም።

ሌላ መንገድ መኖሩን ከወሎ መማር እንችላለን። በመቄት ወረዳ «ተስፋ» በሚባለው ሥራ ገበሬዎቹ ራሳቸው በገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፣ ኮሚቴ መርጠው፣ እንግዳ በእግሩ ሲመጣ እያሳደሩ ገቢውን ለማኅበራቸው ያውሉ ነበር። ዋጋው አስቀድሞ የተቆረጠ ስለ ነበረ በመንገድ ላይ ጭቅጭቅ አልነበረም። በሰሜን ተራሮችም ባለ በቅሎዎቹና አስጎብኚዎቹ በየማኅበራቸው በተራ ይሠራሉ፤ እዚያም ተራ! ነገር ግን ሁሉ መልካም ነው አልልም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ገብቶ በ2017 የወጣው፣ የግጭ መንደር ሰዎች አገራቸውን ለቀው ደባርቅ ከሰፈሩ በኋላ ነው። በወሎም በኩል ጦርነቱ የእንግዳውን መንገድ ዘጋው። በእንግዳ ብቻ የሚኖር ሰው መንገድ ሲዘጋ ጦሙን ያድራል፤ መርካቶ ግን እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም ይሸጣል፤ በዚህ ይበልጣል።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ ሲቃጠል ያየ ሰው የምለውን ይረዳኛል። የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን አስቸግሯቸው ነበር። መንገዱን ያጠበበው ማነው? እኛው ነን። አንዱ ባለ ሱቅ ዕቃውን ወደ ውስጥ ቢስብ፣ ጎረቤቱ ወደ ውጭ አውጥቶ ገዢውን ይወስድበታል፤ ስለዚህ ማንም ብቻውን አይስብም። ማዘጋጃ ቤት ደንብ አስከባሪ ቢልክ ዕቃው ለአንድ ሰዓት ይገባል፤ ሰውየው ዞር ሲል ይወጣል። መደዳው በሙሉ በአንድ ቀን ተስማምቶ፣ እርስ በርሱ ተጠባብቆ ካልሆነ አይቻልም። የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ደግሞ እንግዳም ቦርሳውን ሳያቅፍ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ስለዚህ የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። ከየተራው የታመነ ሰው ይመረጥ፤ ሸክም አውራጁም፣ ቁራሌውም፣ ሽሮና በርበሬ የሚሸጡት እናቶችም ሰው ይኑራቸው፤ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ሽማግሌዎች በመካከል ይቀመጡ፤ ወረዳው በወንበር እንጂ በትእዛዝ አይምጣ። አስጎብኚዎቹ ልጆች ሠልጥነው፣ ምልክት ለብሰው በተራ ይሥሩ፤ ክፍያው በአንድ ቦታ በደረሰኝ ይከፈልና ከፊሉ ለየተራው እሳት ማጥፊያ ይዋል። ደረሰኝ ስል ከኋላ የሳቃችሁት ስለ ኅዳር 2017 አስታውሳችሁ መሆን አለበት። በደረሰኝ ቁጥጥር ሰበብ ሱቆች ተዘግተው ነበር፤ ነጋዴውና መንግሥት በአንድ ጠረጴዛ ሳይቀመጡ ሲቀሩ የሚሆነውን ያየነው ያን ጊዜ ነው።

አንድ መምህር ይህን አሳቤን ሰምተው፣ «እንግዳ ሲበዛ ኪራይ ይወደዳል፤ መጀመሪያ የሚባረረው ያንተው ባለ መዶሻ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ መልሱም ሙሉ በሙሉ በእጄ የለም። ነገር ግን ነጋዴዎች አክሲዮን አዋጥተው በቦታቸው ላይ ፎቅ የሠሩበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ድርሻ የነበረው ቀረ፤ ድርሻ ያልነበረው ተከራይና ጉልት ሻጭ ግን ወጣ። ባለ መዶሻው በስብሰባው ላይ ወንበር ይኑረው የምለውም ስለዚሁ ነው፤ ከተባረረ በኋላ ማዘኑ አይረባውም።

በአሳቤ የሚጠራጠር ቢኖር ቅዳሜ ከጧቱ በሦስት ሰዓት በአንዋር መስጊድ በር ፊት እቆያለሁ። ምናለሽ ተራ ድረስ በእግራችን እንሄዳለን፤ ባለ መዶሻውን ራሱን እንጠይቀዋለን። ምሳችንንም እዚያው እንበላለን።